ከቀለም በፊት ግድግዳው

የክፍል ቀለም የሚያምረውም የሚበላሸውም ጣሳው ከመከፈቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ የተቀባ ቀለም ከደረቀ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ውፍረት ከአንድ ሉክ ወረቀት አይበልጥም። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ጥቀርሻን ሊሸፍን፣ ስንጥቅን ሊደፍን፣ ርጥበትን ሊያግድ አይችልም። ከሥሩ ያለው ሲላጥ አብሮ ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው ሲረጥብ አብሮ ያብጣል። አንድ ቀለም ቀቢ ለአንድ ክፍል አራት ቀን ጠይቆ ሦስቱን በማዘጋጀት ቢያሳልፍ ሥራውን አውቆታል እንጂ አላጓተተም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት የሚቀባው ብዙ ጊዜ በዓል ሲቃረብ ወይም ሠርግ ሲደገስ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሲባል በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜ የሚቀባው ቤት ቀላል አይደለም። አዲስ ዓመትን በታደሰ ቤት መቀበል ያማረ ልማድ ነው፤ ለግድግዳው ግን ከዓመቱ ውስጥ ይህን ያህል የማይመች ወቅት የለም። ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ የውጭ ግድግዳ ፊቱ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ ይዟል። ቀለም ሲቀባበት ውሃው መውጫ ያጣል፤ የጥቅምት ፀሐይ ከውጭ ሲመታው ደግሞ ወደ ክፍሉ ይገፋና ቀለሙን እያሳበጠ ያነሣዋል። ኅዳር ላይ ብቅ የሚለውን ቡግር መሰል እብጠት ብዙ ባለቤቶች በቀለሙ ጥራት ያሳብባሉ፤ ጥፋቱ ግን የጊዜው ነው። መጠበቅ የሚችል ሰው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቢቀባ ይመረጣል። መጠበቅ የማይችል ለበዓሉ የውስጥ አካፋይ ግድግዳዎችን ቀብቶ፣ ዝናብ የሚያገኛቸውን አጥቦ ብቻ ሊያቆያቸው ይችላል።

ግድግዳ ከውስጡ መድረቁ በእጅ ተዳስሶ አይታወቅም። አስተማማኝ መፈተሻው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ይደረግና አራቱም ጠርዙ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ይታሸጋል። ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በኋላ ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ጤዛ ይዞ ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ የመጣ ነው፤ ቀለሙ መቆየት አለበት። ጤዛው በክፍሉ በኩል ከሆነ ክፍሉ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ለጥቂት ቀናት መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይበቃዋል።

ርጥበት ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ መልሱንም የእድፉ ቦታ ራሱ ይናገራል። ከኮርኒስ ሥር ወደ ታች የወረደ ቡናማ እድፍ የዛገ ቆርቆሮን፣ የላላ የጣሪያ ምስማርን ወይም የተደፈነ አሸንዳን ያሳያል። በግድግዳው መካከል ብቻውን የሚታይ ርጥብ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ያለፈ የውሃ ቧንቧ ነው። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ የሚል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት የሚታይበት እድፍ ደግሞ ከመሬት የሚሳብ ውሃ ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ብሎኬቱም ድንጋዩም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የመሬቱን ውሃ ይስባል። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ማንሣት፣ የጣሪያው ውሃ ከቤቱ ርቆ እንዲሄድ ቦይ መቅደድና አሸንዳውን መጠገን ብዙ ጊዜ የሚፈታው ይህንን ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ከውስጥ በኩል ውሃ የማያሳልፍ ቀለም መቀባት ግን ውሃውን ከፍ ብሎ ሌላ መውጫ እንዲፈልግ ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ማወቅም የዝግጅቱን መንገድ ይለውጣል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰው ዛሬም የሚኖረው በጭቃ ቤት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ሆኖ፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ የተመረገበት፣ ኋላም ላዩ በስስ ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ነው። እነዚህ ነገሮች ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱም እንዲሁ ይላወሳል። ሲሚንቶው ግን ግትር ስለሆነ አብሮ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ከጭቃው ተላቅቆ እንደ ቆዳ ብቻውን ይቆማል። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኩ መዞር የተላቀቀውን ቦታ ያሳያል፤ ጤነኛው ልስን ድምፁ የታፈነ ነው፣ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ይጮኻል። የሚጮኸው ሁሉ መነሣት አለበት። ሲጠገንም በሲሚንቶ ላይ ሲሚንቶ ከመደራረብ ይልቅ ቦታውን በውሃ አርሶ በደንብ በቦካ ጭቃና ጭድ መምረግ፣ ከደረቀ በኋላም በስሱ ማለስለስ ይሻላል። ለዚህ ዓይነት ግድግዳ የዘይት ቀለም አይስማማውም፤ ጭቃው ርጥበቱን የሚያስወጣበትን ፊት ስለሚደፍነው ነው። ኖራ ወይም በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይመረጥለታል።

በድሮ ቤቶች ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ ይገኛል። ላዩ ላይ መቀባት ለጊዜው የሚያዋጣ ይመስላል፤ ቀለሙ ሲረጥብ ግን ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ሙጫውም ሻጋታ ያበቅላል። ለብ ባለ ውሃ በስፖንጅ ደጋግሞ አርሶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ፣ በስፓቱላ ማንሣት ነው መፍትሔው። ጥብቅ ብሎ እንቢ ያለው ቦታ ሁለተኛ ይርሳል እንጂ በጉልበት አይፋቅም፤ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳልና።

ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሌላ ችግር አለው። ጥቁር ጨርቅ ሲታሽበት ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ አዲሱ ቀለም የሚጣበቀው ከግድግዳው ጋር ሳይሆን ከዱቄቱ ጋር ነው። ቀለም ሲደርቅ በትንሹ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም የላላውን ኖራ ነቅሎ እንደ ቅርፊት ይጠቀለላል። ስለዚህ ዱቄቱ በሽቦ ብሩሽና በርጥብ ጨርቅ እስኪያልቅ መነሣት አለበት። አሰልቺ ነው፣ አቧራውም ብዙ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

አዲስ በሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል፣ ለምሳሌ የማጠናቀቂያ ሥራው ለባለቤቱ የቀረ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ንጹሕ ስለሚመስል ባለቤቱን ያስቸኩላል። አዲስ ልስን ግን ቢያንስ 28 ቀን፣ በዝናብ ወቅት ከዚያም በላይ መቆየት ይኖርበታል። ምክንያቱ ውሃው ብቻ አይደለም። ትኩስ ሲሚንቶ እንደ አመድ ውሃ የሚያቃጥል ጠባይ አለው፤ የዘይት ቀለም ሲነካው በቀለሙ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ቀለሙ የሚያጣብቅና የሚልፈሰፈስ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው። በሚደርቅበት ወቅት ነጭ ጨው ወደ ላይ ካወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በውሃ ማጠብ ጨውን አሟሙቶ ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይወጣል።

ቀድሞ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ መጀመሪያ መለየት ያለበት ቀለሙ የዘይት ይሁን የውሃ ነው። በጥጥ ላይ ስፒሪት አድርጎ ጠበቅ አድርጎ ማሸት ይለየዋል፤ የውሃው ቀለም ይለሰልስና ጥጡን ይበክላል፣ የዘይቱ ግን አይነቃነቅም። ይህ ልዩነት የጤና ጉዳይም ነው። የድሮ የዘይት ቀለሞች ሊድ የተባለውን የእርሳስ ማዕድን ሊይዙ ይችላሉ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮች፣ መስኮቶችና ግማሽ ግድግዳዎች ግን አሁንም በየቤቱ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የሊድ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ሊዱ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው በአብዛኛው ቀለሙ በደረቁ ሲፋቅ በሚነሣው አቧራ ነው። ስለዚህ ያረጀ የዘይት ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ ውሃ የሚችለው ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት እየተነከረ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሠራል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ክፍሉ ተጠርጎ በርጥብ ጨርቅ እስኪወለወል ድረስ እዚያ ቤት ባያድሩ መልካም ነው።

ክፍሉን ባዶ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊሠራ ይችላል። የሚወጣው ዕቃ ይወጣል፤ የማይወጣው ቁም ሣጥንና አልጋ ወደ መካከል ተሰብስቦ እስከ ወለሉ ድረስ በላስቲክ ይሸፈናል። ሰው እንዲዞርበት ከየግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይተውለታል። ቀለም ሲቀባ ግን ወለሉ ላይ ከላስቲክ ይልቅ የተቀደደ ማዳበሪያ ወይም ያረጀ አንሶላ ይሻላል፤ ላስቲክ ያንሸራትታል፣ የተንጠባጠበውንም ቀለም ሳይመጥ በጫማ ያዞራል። መጋረጃው ከነዘንጉ፣ ሥዕሉ ከነምስማሩ ይወርዳል። የማብሪያ ማጥፊያና የሶኬት ክዳኖች የሚፈቱት ከቆጣሪው በኩል መብራቱ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው፤ የወጡት ብሎኖች እንዳይጠፉ በየክዳኑ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። ክዳኑን ሳይፈቱ በዙሪያው መቀባት ግማሽ ሰዓት ያተርፋል፣ ለዓመታት የሚታይ ጠርዝም ያስቀራል።

ከዚያ እጥበቱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ እጥበት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቦታ ቡና የሚፈላበት ጥግ ነው። ከሰሉ፣ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስና የዕጣኑ ጢስ በየቀኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወጣሉ። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጢሱ ሲቀዘቅዝ ግድግዳውና ኮርኒሱ ላይ በዓይን የማይለይ ስስ ሙጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ የቡናው ዘይትና የከሰሉ ጥቀርሻ በላዩ ይጣበቃሉ። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም እንዲህ ያለ ፊት ላይ ሲሄድ ይሸሻል፣ ዓይን ዓይን እየሆነ ይከፈታል፤ ከደረቀ በኋላም ቢጫው እድፍ ቀስ እያለ ይወጣል። ያንን ጥግ ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ሦስተኛ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ሳሙናው የሚታሸው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ሲጀመር የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ያልታጠበው ላይ መሥመር ይተዋል። ከታጠበም በኋላ የማይለቅ የጥቀርሻ እድፍ ካለ በስስ የዘይት ቀለም ወይም ለእድፍ ማገጃ በተዘጋጀ ፕራይመር መታሸግ አለበት። የወጥ ቤት ግድግዳም በዚሁ ሕግ ይታጠባል።

ሻጋታ በደረቅ ብሩሽ አይፋቅም፤ ዘሩ በአየር ይበተንና ሌላ ጥግ ይይዛል። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይቀባበታል፣ ሩብ ሰዓት ይቆያል፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። መስኮቱ ክፍት፣ እጅ በጓንት የተሸፈነ መሆን አለበት። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተገናኘ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጨርቅም ቢሆን መገናኘት የለባቸውም።

ግድግዳው ሲደርቅ የላላው ይፋቃል፤ ያረጀ የዘይት ቀለም ግን እንደተባለው በርጥቡ ብቻ ነው። ስፓቱላው ከግድግዳው ጋር ተቀራርቦ፣ ተኝቶ ይገፋል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆፍርም። መፋቁ የሚቆመው ቀለሙ አልነሣ ሲል ነው፤ በጤናው የቆመውን ቀለም ሁሉ ማውረድ ድካም ነው። ስንጥቆች ግን ጠጋ ብሎ መታየት አለባቸው። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የትም አቅጣጫ የሌለው መሥመር የልስኑ መኮማተር ነው። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ እርሳስ ወይም ትንሽ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የመሠረቱ ወይም የቋሚው እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጽፎ ለጥቂት ወራት መከታተል፣ ከረዘመ ወይም ከሰፋ ለመሐንዲስ ማሳየት ይገባል፤ ስንጥቅ የሚደፈንበት ስቱኮ የዚህ መድኃኒት አይደለም።

ቀጭኑ ስንጥቅ እንዳለ ከተደፈነ ስቱኮው አፉ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ስለዚህ በስፓቱላው ጫፍ አፉ ሰፋ ይደረጋል፣ አቧራው በብሩሽ ይወጣል፣ በውሃ ይርሳል፣ ከዚያ ይሞላል። የምስማር ቀዳዳም እንዲሁ ነው። ጥልቅ የሆነው በአንድ ጊዜ ከተሞላ መካከሉ ይሰረጉዳል፤ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ፣ የቀደመው እየደረቀ መሙላት ነው የሚሻለው። ሙሉ ግድግዳ ስቱኮ ሲደረግም ስስ ንብርብር ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ከታች ወደ ላይ ከተሳበ ሁለተኛው አግድም ይሳባል። ደረቀ የሚባለው ግራጫው ቦታ ሁሉ ጠፍቶ ግድግዳው አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ነው፤ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያስፈልጋል። ከጂፕሰም የተሠራ ስቱኮ ውሃ ሲያገኝ ስለሚለሰልስ፣ ከመሬት ርጥበት በሚስበው የግድግዳ ግርጌና በመታጠቢያ ክፍል አይደረግም።

የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻክራል። ያረጀ ቀለም ጠርዝ ለማስተካከል 80 ወይም 100፣ ስቱኮ ለማለስለስ ከ150 እስከ 180፣ ለመጨረሻው 220 ይበቃል። ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ሲታሽ ግድግዳው ቀጥ ይላል፤ በባዶ እጅ ሲታሽ ግን ጣቶቹ የሄዱበት ይጎደጉዳል። አንጸባራቂ የዘይት ቀለም የተቀባ በርም ብርቅርቁ እስኪጠፋ፣ ቀለሙ ያረጀ ከሆነ በርጥቡ፣ ይታሻል፤ አዲሱ ቀለም መያዣ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። የብረት መስኮት ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሣና በዚያው ቀን ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ይቀባል፤ ካደረ እንደገና ይዝጋል። ሥራውን ለመገምገም መብራት አጥፍቶ ባትሪን ከግድግዳው ጋር አጠጋግቶ ወደ ጎን ማብራት ነው። በቀን ያልታየው ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ በእርሳስ እየተከበበ ይስተካከላል። በመጨረሻ አቧራው ከኮርኒስ ጀምሮ ወደ ታች ይጠረጋል፣ በርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። መዳፍ ግድግዳው ላይ ተስቦ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ገና ነው።

ስቱኮ የተደረገበት ቦታ ውሃ ይጠጣል፤ አሮጌው ቀለም አይጠጣም። ሁለቱ ላይ በአንድ ጊዜ ቀለም ሲሄድ አንዱ ይደበዝዛል፣ ሌላው ያንጸባርቃል፣ ግድግዳውም የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ፕራይመር የሚቀባው ይህን ለማስተካከል ነው። ከሌለም የሚቀባው ቀለም ራሱ ጣሳው በሚፈቅደው መጠን በውሃ ቀጥኖ እንደ መጀመሪያ ሽፋን ይሄዳል።

የቀለሙ መጠን የሚሰላው በዚህ ጊዜ ነው። አራት ሜትር በአራት ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል፣ ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ በከፍታው ሲባዛ 44.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሩና አንድ መስኮት ሲቀነሱ 41 ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ቢሸፍን፣ ለሁለት ቅብ ከስምንት ሊትር ጥቂት ይበልጣል። ሻካራ ልስን ከዚህ የበለጠ ይበላል። ጣሳዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መገዛት፣ ከመቀባቱ በፊትም በአንድ ትልቅ ባልዲ ተቀላቅለው መበጥበጥ አለባቸው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጣሳዎች ቀለማቸው በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል፣ ልዩነቱም የሚታወቀው ግድግዳው መካከል ላይ ነው።

የበሩ ጠርዝ፣ መስታወቱና ዞኮሎው በወረቀት ፕላስተር የሚሸፈኑት በመቀባቱ ዋዜማ ነው። ቀድሞ የተለጠፈ ፕላስተር በፀሐይ ይደርቅና ሲነሣ ቀለም ይዞ ይመጣል። ሰዓቱም ይመረጣል። በውሃ የሚበጠበጡ ቀለሞች በአብዛኛው ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዙም፤ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማቆም፣ ብርዱ ከመምጣቱ በፊት ቀለሙ እንዲይዝ ያደርጋል። በድሬዳዋና በአፋር ሙቀት ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ስለሚደርቅ በማለዳና በማምሻ መሥራት ይሻላል።

ክፍሉ ሁሉ ከመቀባቱ በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ሁለት ቦታ ይቀባል፤ አንዱ መስኮት አጠገብ፣ አንዱ በጣም የሚያሠጋው ጥግ፣ ማለትም ቡናው የሚፈላበት ወይም ርጥበት የነበረበት። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ላይ በምላጭ የመስቀል ምልክት ይጫርና ፕላስተር ተለጥፎ ባንድ ጊዜ ይነቀላል። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ ኮርኒሱ መቀባት ሊጀመር ይችላል። ቀለም ይዞ ከተነሣ ጀርባው ይታያል፤ ዱቄት ከያዘ ግድግዳው እንደገና ይጠረጋል፣ የሚያዳልጥ ከሆነ ይታጠባል፣ ከረጠበ ደግሞ መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ ሌላ ሳምንት ይጠብቃል።